ሙያን ማካፈል

ዛሬ ሠራተኛ ቀጥረው ስለሚያሠሩ ሰዎች እንነጋገራለን።

በአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሸማኔ አውቃለሁ። 4 ሠራተኞች አሉት። ድሩን የሚያደራው ግን እሱ ብቻ ነበር። «ሙያዬን ካሳየኋቸው ጥለውኝ ይሄዳሉ» ይል ነበር።

ጥር 11 ጥምቀት ነው። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰውዬው ታመመ። ማጉ አለ፤ መወርወሪያው አለ፤ ድር የሚያደራ ግን ጠፋ። ሥራው ቆመ። ደንበኞቹ ቀብዳቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሠራተኞቹም የበዓል ገንዘብ አጡ።

ሲድን ምን አደረገ? በየሳምንቱ አንድ ነገር ያሳያል። ከዚያ «እስቲ አንተ ሞክረው» ይላል። ሲሳሳቱ ሰው ፊት አይቆጣም፤ ለብቻ ጠርቶ ያርማል። ደመወዝ በቀኑ ይከፍላል። የደንበኛውን ስም፣ የሸማውን ርዝመትና የሚወሰድበትን ቀን በደብተር ይጽፋል። ደብተሩን ሁሉም ያነቡታል።

አንዱ ልጅ ሙያውን ለምዶ ወጣ። የራሱን ሥራ ከፈተ። ሸማኔው አልተከፋም። ዛሬ ትእዛዝ ሲበዛበት ከዚያው ልጅ ጋር ይካፈላል።

እናንተስ? ነገ ብትታመሙ ሥራችሁን የሚሠራ ማነው? ስሙን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የምትጽፉት ስም ካጣችሁ፣ ነገ ማሳየት ጀምሩ።