ፍቅርና ኅሊና በግፍ ዘመን
(ለተማሪዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ግፍ በነገሠበት አገር ባልና ሚስት እንዴት ሆነው ይዋደዳሉ? የሮማ ታሪክ አንድ መልስ ይሰጠናል። በ65 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ቄሣር ኔሮ ፈላስፋውን ሴኔካን ራሱን እንዲገድል ባዘዘው ጊዜ፣ ሚስቱ ፓውሊና አብራው ልትሞት ደም ሥሯን ቈረጠች። ቄሣሩ ቍስሏ እንዲታሰር አዝዞ ተረፈች። በዚህ ታሪክ ፍቅርና ኅሊና በአንድ ወገን ቆመዋል። ባልየው ራሱ የግፉ ተካፋይ ሲሆንስ? ለዚህኛው መልስ ሮማ ድረስ መሄድ አያሻንም፤ የጣና ዳርቻ ይበቃናል።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከባላባት ወገን ተወለደች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ነበረ። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት፤ ልትመንንም ከቤቷ ወጣች። ባሏ ግን ጭፍራ አስከትሎ ፈለጋት፤ ተሸሽጋበታለች የተባለውንም ከተማ አጠፋ። በእርሷ ምክንያት ድኻ እንዳያልቅ ብላ ተመለሰች። ልብ በሉ፤ ስለ ገዛ ነፍሷ የወጣችው ሴት ስለ ሌላው ነፍስ ተመለሰች።

በ1617 የንጉሡን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ማዘንበል በመቃወም በተነሣው ጦርነት አቡነ ስምዖን ተገደሉ። በ1672 በግዕዝ የተጻፈው ገድሏ እንደሚነግረን፣ መልክአ ክርስቶስ የተገደሉትን ጳጳስ ልብስ ለብሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ሆና መኖርን እንቢ አለች፤ ተለይታውም መነኰሰች። በንጉሡ ፊት ቆመች፤ በሱዳን ወሰን አጠገብ ወዳለው ወደ ዠበይ ቆላ ተግዛ ሦስት ዓመት ቈየች፤ ሃሳቧን ግን አልለወጠችም። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ።

ነገሩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ግን ለራሳችን ማድላት ይሆናል። በፋሲለደስ ዘመን ደግሞ የሱስንዮስ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ የካቶሊክ እምነቱን አልተውም በማለቱ ተጋዘ። የወለተ ጴጥሮስን ጽናት አመስግነን የእርሱን ብንንቅ፣ ያከበርነው የገዛ ወገናችንን እንጂ ኅሊናን አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእኛ ብዙዎቻችን በንጉሥ ፊት አንቆምም። ፈተናው የሚመጣው በገዛ ቤታችን በር ነው። የምንወደው ሰው በግፍ የተገኘ ካባ ደርቦ ሲገባ፣ «እንዴት አምሮብሃል!» እንለዋለን ወይስ «የማን ነው?» ብለን እንጠይቀዋለን?