የሰኔ ክፍያና የሰኔ ሰማይ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳቡን ሪፖርት ባለፈው ስብሰባ ስላነበብኩላችሁ ዛሬ ቁጥር አላበዛባችሁም። ሰብሳቢያችን «የፈለግሽውን ተናገሪ» ስትለኝ ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ እናገራለሁ አልኳት። ሳቀችና «አንቺ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሽ እንዴ፣ ከደመና ጋር ምን አገናኘሽ?» አለችኝ። ያገናኘኝ መዝገቡ ነው። የያዝኩትን የብድር መዝገብ በሙሉ አውጥቼ ወር በወር ሳየው፣ ክፍያ የሚዘገየው በብዛት በግንቦትና በሰኔ ነው። በጥርና በየካቲት የሚዘገይ ብዙም የለም። ይህን ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ለዓመታት ሳላየው ቆየሁ፤ እፈልግ የነበረው ያልከፈለውን ሰው ስም እንጂ ወሩን አልነበረም።

እስቲ ስለ ወሩ እናውራ። በሐምሌ የአውሮፓ ሰው በሙቀት ሲቸገር በቴሌቪዥን የምናየው እኛ ጋቢ ደርበን ነው። የእኛ ሙቀት ከዝናቡ ይቀድማል። ፀሐይ በላሊበላ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በነሐሴ አጋማሽ ገደማ። በነሐሴ ደመናው ይጋርደናል። በሚያዝያ ግን በልጉ ከቀረ የሚጋርደን የለም፤ ምድሩ እስከ ሰኔ ሲግል ይከርማል። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እንደ ቆቦ አንነድም። ወደ ላይ በወጣን በ1,000 ሜትር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ቆቦ ደግሞ ከእኛ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ነገር ግን የደጋ ሰው ሙቀት አልለመደም፤ ቤቱም እንዲሁ። የድሮው የላስታ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ከነሣር ክዳኑ፣ በጠራራ ፀሐይም ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን በቆርቆሮ ሥር ነን። ከቀትር በኋላ እዚያ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሴት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ እርጥቡ ነፋስ ይመጣል። ከደቡብ አትላንቲክ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል፣ ከሕንድ ውቅያኖስም የሚመጣው ነው ክረምታችንን የሚያመጣው። ገና ሳይዘንብ አየሩ ወበቅ ይሆናል፤ ላብ አይደርቅም፣ ልጅ አይተኛም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ አቡነ ዮሴፍ ላይ ደመና መቆለል ይጀምራል። የጋለው አየር እርጥበቱን ይዞ ተራራውን ተከትሎ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ጠብታው በረዶ ይሆናል፣ በረዶው እርስ በርሱ ሲላተም የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠራቀማል። መብረቁ ከዚህ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው አየር መሸከም ሲያቅተው ደግሞ በረዶው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የከፉ የሚሆኑት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስም አልጠራም። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት እናት ከማኅበሩ ተበድረው ጫጩት ገዙ። የግንቦቱ ሙቀት ቆርቆሮው ሥር ጫጩቶቹን በሦስት ቀን ውስጥ ግማሹን ገደለባቸው። በሰኔ መጀመሪያው ነጎድጓድ የወረደው በረዶ ደግሞ በጓሯቸው የነበረውን ጎመንና ሽንኩርት ከመሬት ጋር አንድ አደረገው። ሰኔ 30 የክፍያውን ግማሽ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ በረዶ መታኝ እኮ» አሉኝ።

«እትዬ፣ አውቃለሁ፤ ግን ደንቡ ነው። አንቱን ለይቼ አይደለም።»

ምንም አልመለሱልኝም። ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈትተው የቅጣቱን 50 ብር ቆጠሩልኝ። በመዝገቡ ላይ «የዘገየበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ እኔ «ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። በነሐሴ ቁጠባቸውን አውጥተው ማኅበሩን ለቀቁ። ያ ቃል በእጄ ጽሕፈት ዛሬም እዚያው አለ።

ለመሆኑ ክፍያውን ለምን ሰኔ 30 አደረግነው? ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እኛም መዝገባችንን በዚያው ቀን እንዘጋለን። ለጋሾቻችን የሚጠይቁን «በወቅቱ የተከፈለ ብድር በመቶኛ» የሚለው ቁጥርም የሚሰላው በዚያ ቀን ነው። ለወረቀት የተመቸ ቀን ነው። ለላስታ ሴት ግን ጎተራው ባዶ፣ ኩበቱ እርጥብ፣ የክረምት ዘር የሚገዛበት፣ ልጅም የሚታመምበት ወር ነው። ገንዘብ ወደ እጃችን የሚገባው አዝመራው ተሰብስቦ ለገና ምእመናን ሲመጡ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የቱሪስቱ ነገር ከቀዘቀዘ ወዲህ ደግሞ ሌላ የምንጠጋበት የለም።

ዝናቡ ሲዘገይ ሙቀቱ ይረዝማል፤ ጭራሽ ሲቀር ምን እንደሚሆን ወሎ አይነገረውም። እናቶቻችን 66ንና 77ን ያውቃሉ። እኛ ልጆቹ በ2007 ክረምት ኤልኒኖ የሚባለውን ቃል ተማርን፤ በቀጣዩ ዓመት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። እኔ የማወራው ግን ስለዚያ ስላለ ትልቅ ክፉ ቀን አይደለም። ጋዜጣ ስለማያወጣው፣ በየዓመቱ ስለሚመጣው ትንሹ ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ ብዬ ጠየቅሁ። በሕንድ አገር ሴዋ የሚባል በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተ የሴቶች ማኅበር አለ። አባላቱ እንደ እኛ በጉሊት፣ በሸክም፣ በቤት ውስጥ ሥራ የሚኖሩ ናቸው። በ2024 ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ከ40 ሺህ ለሚበልጡ አባላት 400 ሩፒ ተከፈላቸው፤ አንዷም ሄዳ «ሞቀኝ» ብላ ማስረዳት አላስፈለጋትም፣ ቴርሞሜትሩ መሰከረላቸው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በትግራይ አዲ ሃ፣ በ2001 ዓ.ም. ወደ 200 የሚሆኑ ገበሬዎች በዝናብ መጠን ላይ የተመሠረተ የመድን ዋስትና ገዝተው ነበር፤ አሠራሩ በኋላ ወደ አማራ ክልልም መጥቷል። የእኛ ካዝና መድን ድርጅት አይደለም፤ አልዋሻችሁም። ከምንሰበስበው ወለድ ጥቂቱን ለይቶ «የሰኔ መጠባበቂያ» ብሎ ማስቀመጥ ግን ይችላል። እኔ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ይቻላል።

ከገንዘቡ ወጥቼ አንድ ነገር ልጨምር፤ ገንዘብ የማይመልሰው ነገር ስላለ። ነጎድጓድ ሲጀምር እናቴ ቀይ ልብስ አውልቁ ትለን ነበር። ቀለሙ ምንም አያደርግም፤ ብቻ እሷ ይህን እያለች ወደ ቤት ታስገባን ነበር፣ ያዳነን እሱ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ። ሠላሳ ሳትቆጥሩ ከሰማችሁት መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ እንጨቱንም ሸክሙንም ጥላችሁ ግቡ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ የጽዱም ሥር ቢሆን። ወንዝ ስትሻገሩ እዚህ አልዘነበም ብላችሁ አትድፈሩ፤ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ሊሆን ይችላል። በሙቀቱ ቀን ደግሞ እርጉዝ ሴት ከቀትር በፊት ሥራዋን ትጨርስ፣ ውኃ ሳይጠማት ትጠጣ። ለጫጩት ቤት ቆርቆሮው ላይ ሣር መከመርና ከጣሪያው ሥር ነፋስ መግቢያ መተው ብዙ ወጪ የለውም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። የዋናው ክፍያ ቀን ከሰኔ 30 ወደ ጥር 30 ይዛወር፤ በሰኔ ወለዱ ብቻ ይከፈል። የሰኔ መጠባበቂያው ይቋቋም። ለጋሾቻችን፣ ይህን ካጸደቅን በመጪው ሰኔ የምልክላችሁ መቶኛ ዝቅ ብሎ ይታያችኋል፤ እባካችሁ በየካቲት ደግማችሁ ጠይቁኝ።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። በዚህ ሳምንት እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና 50 ብሩን ከራሴ ኪስ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። «አንቺ መች ወሰድሽብኝና። ማኅበሩ ከመለሰልኝ እቀበላለሁ» አሉኝ። በደንባችን ውስጥ ቅጣት ለመመለስ የሚያስችል አንቀጽ የለም። አርቅቄ አምጥቻለሁ፤ ከመፍቀዳችሁ በፊት መዝገቡን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ቢሮ እገኛለሁ።