የገዛ ራስን መልክ በጥቂት መስመር ስለ መንደፍ
(በድሬዳዋ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ ድልድይ ይነድፋል፤ ቤትና የውሃ መስመርም ይነድፋል። የገዛ ፊቱን የነደፈ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የቬክተር ፕሮግራም የራስን ምስል በፖፕ አርት ስልት መሥራት ለማንኛውም ነዳፊ የቀረበ ሥራ ሆኗል። የዚህ ንግግር ዓላማም ሥራው ከመዝናኛነት አልፎ የመምረጥ ትምህርት መሆኑን ማስረዳት ነው።

ፖፕ አርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪታንያ ተጀምሮ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የገነነ ስልት ነው። አንዲ ዋርሆል በ1962 የማሪሊን ሞንሮን አንድ ፎቶግራፍ በሲልክ ስክሪን ኅትመት 50 ጊዜ ደጋግሞ በአንድ ሥራ አቀረበ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚታተም ቀለሞቹ ጥቂትና ድፍን ይሆናሉ። ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጋር ለኖረችው ድሬዳዋ ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ለኢትዮጵያዊ ዓይንም ቢሆን፣ በጥቁር መስመር የተከበበ ድፍን ቀለምና ጎላ ያለ ዓይን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀ ነው። አፈወርቅ ተክሌም በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሆነው የመስታወት ሥዕሉ፣ የሰውን መልክ በጥቁር መስመር ከተለያዩ ባለቀለም ክፍሎች አቁሞታል።

የቬክተር ሥዕል መሠረቱ ሒሳብ ነው። ፎቶግራፍ የፒክሰሎች ክምችት በመሆኑ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፤ የቬክተር መስመር ግን በቀመር ስለሚጻፍ ከቴምብር እስከ ግድግዳ ቢሰፋ ጥራቱን አይለቅም። አንዱ የቤዝየር ኩርባ በአራት ነጥቦች ይወሰናል፤ ሁለቱ መነሻና መድረሻ ሲሆኑ ሁለቱ አቅጣጫውን ይመራሉ። ይህ ኩርባ ለንድፍ ሥራ የዋለው በሠዓሊ ቤት ሳይሆን በመኪና ፋብሪካ ነው፤ ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን፣ ፒየር ቤዝየር በሬኖ የመኪናን አካል ለመንደፍ አበጁት። ዛሬ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ኢንክስኬፕም ይኸንኑ ኩርባ ይጠቀማል።

ዋናው ችግር ከፎቶግራፉ ይጀምራል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ፎቶግራፍ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ይሸፍናል። ያን ፎቶግራፍ ፕሮግራሙ በራሱ ወደ መስመር እንዲለውጠው ቢታዘዝ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ስለሚመዝን ጠይም ቆዳን፣ ጢምን፣ ፀጉርንና ጥላን በአንድነት ጥቁር ያደርጋቸዋል። ሰውየው ከገዛ ምስሉ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፎቶግራፉ በማለዳ ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ይነሣ። ነዳፊው ፎቶግራፉን ከሥር አንጥፎ መስመሩን በእጁ ይሳብ፤ ነጥብ የሚያኖረውም መስመሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ብቻ ይሁን። ቀለሙን ከአራት ወይም ከአምስት አያሳልፍ፤ እያንዳንዱንም በየራሱ ንብር ያስቀምጥ። በኅትመት ጊዜ ነጭ ስንጥቅ እንዳይታይ አጎራባች ቀለሞች በጥቂቱ ይደራረቡ። ፊቱ ብርቱካንማ ወይም ሰማያዊ ቢሆን ነውር የለበትም፤ የመልኩ ምስክር የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን የቅንድቡ ቅስት፣ የአፍንጫው ጠርዝና የከንፈሩ መስመር ነውና።

የትኛው መስመር ይቅር፣ የትኛው ይኑር? ይህን ጥያቄ ፕሮግራሙ አይመልስም። መሣሪያው ያቀረበውን ሁሉ ሳይመረምር የሚቀበል ነዳፊ የራሱን መልክ እንኳ ሊያጣ ይችላል፤ በድልድይና በቤት ንድፍ ላይ እንዲህ ቢያደርግ ደግሞ ጉዳቱ ለሌላው ይተርፋል። በገዛ ፊቱ ላይ መምረጥን የተለማመደ ግን ያንኑ ጥንቃቄ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ይዞ ይመለሳል።