የመንገደኛ ስንቅና የዘመድ ቤት

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከመንዝና ከግሼ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የምንሄደው ብዙውን ጊዜ ለሽርሽር አይደለም። ለሕክምና፣ ለጉዳይ ወይም ለለቅሶ ነው። ለዚህም በግ ወይም ጊደር ይሸጣል። ያ ብር በአልጋና በምግብ ካለቀ በሽተኛው ሳይታከም ይመለሳል፤ ቤተሰቡም ዕዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ ውድ ከተማ ለሚሄድ ሰው ዲናችን የሚያስተምረውን እንመልከት።

አንደኛው ስንቅ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደገለጹት፣ ከየመን ለሐጅ የሚመጡ ሰዎች በአላህ ተመክተናል ብለው ያለ ስንቅ ይወጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 197 ስንቅ እንዲይዙ ታዘዙ፤ ከስንቅ ሁሉ በላጩ አላህን መፍራት መሆኑም ተነገራቸው። እንግዲህ በሶና ቆሎ ቋጥሮ መውጣት አያሳፍርም። የሕክምናው ብር ለብቻው ይቀመጥ፤ የመመለሻውም አይነካ።

ጠይቆ መነሳትም ስንቅ ነው። ሕክምናው ደብረ ብርሃን ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ለምን እንጨምራለን? የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነም መታወቂያው የት እንደሚያገለግል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሪፈር ወረቀቱንም ይያዝ። አለዚያ መድኑ የሚሸፍንለትን ወጪ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ሁለተኛው ማረፊያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንግዳን ማክበርን ከኢማን ጋር አያይዘው አስተምረዋል። የእንግድነት መጠን 3 ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሰደቃ እንደሆነ፣ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ እንዳይቆይ ነግረውናል። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የከተማው ዘመዳችን ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነው። አገር ቤት ለእንግዳ አንድ እንጀራ መጨመር አይከብድም፤ እዚያ ግን ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ከሰሉም በብር ነው። ስለዚህ ሳናስታውቅ በሩ ላይ አንቁም፤ ባዶ እጃችንንም አንሂድ። ጉዳዩ ከ3 ቀን ካለፈ ወጪ መጋራት ዘመድነትን አይቀንስም፤ እንዲያውም ያቆየዋል።

በከተማ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም፣ መኝታ ባይኖራችሁ ጊዜያችሁን ስጡ። መንገደኛውን ከላምበረት መናኸሪያ ተቀብሎ የከተማ አውቶቡስ ማሳፈርና ሆስፒታል ማድረስ ከአጭበርባሪ ያድነዋል። በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚሰጣቸው 8 ወገኖች አንዱ መንገድ ላይ የተቸገረ መንገደኛ ነው፤ በአገሩ ሀብት ቢኖረውም እንኳ።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ሙሳፊር ባለ 4 ረከዓውን ሶላት ወደ 2 ያሳጥራል፤ በረመዷንም እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል። አላህ ለእርሱ በሚገባው ዒባዳ እንኳ ይህን ያህል ካቀለለልን፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለን በብድር ከመርካቶ ስጦታ መሸከማችን ስለምን ነው? በሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 67 የተመሰገኑት የአላህ ባሮች የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ መካከለኛውን የያዙ ናቸው። ለልጅ አንድ ደብተር፣ ለእናት አንድ ሻሽ ይበቃል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መንገደኛ ጉዳዩን እንደጨረሰ ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን መክረዋል። በከተማ ያለ ጉዳይ የሚታደር እያንዳንዱ ሌሊት ዋጋ አለውና።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ በጥቂቱ ሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።