«አንከፍልም» ያለ ኢንሹራንስ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም!

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከተደረገ ንግግር)

 

እኔ ከእናንተ ጋር ሐኪም ዘንድ የምገባ አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። እህታችን ካንሰሩን ታግላ፣ ጡቷን አስወግዳ ከሞት ትተርፋለች። መልሼ ላሠራው ስትል ግን ኢንሹራንሱ «ይህማ ለቁንጅና ነው» የሚል ወረቀት ይልክላታል። እሷም ዝም! ለማን ትናገር? የጡት ነገር ነዋ! ነውር ነዋ!

ወገኖቼ፣ ይህ ልመና አይደለም፤ ሕግ ነው! የኒውዮርኩ ሴናተር አልፎንስ ዳማቶ የታገሉለት፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 የፈረሙት ሕግ። ጡት ማስወገድን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የሚከተሉትንም እንዲሸፍን ያስገድዳል፦ የወጣውን ጡት መልሶ መሥራትን፣ ሁለቱ እንዲመጣጠኑ ደህነኛው ላይ የሚሠራውን (ማሳነስም ቢሆን)፣ በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረገውን ሰው ሠራሽ ጡት፣ እንደ እጅ እብጠት ያለውን መዘዝም ማከምን። በነፃ ነው አላልኩም፤ ለሌላው ሕክምና የምታዋጡትን ድርሻ ለዚህም ታዋጣላችሁ። ሜዲኬርና ሜዲኬድ ግን በየራሳቸው ደንብ ነው የሚሠሩት፤ ጠይቁ።

ካንሰር ሳይኖርባት ጡቷ ከብዶ ወገቧንና ትከሻዋን የሚያሰቃያት እህትስ? ይህ ሕግ ለእሷ አይደርስላትም። ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች «ስንት ግራም ይወጣል?» ነው የሚሉት። አንዳንዶቹ ዶክተር ሽኑር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡትን፣ ከሰውነት ስፋት ጋር የሚሰላ ሰንጠረዥ ይዘው ይመዝናሉ። ስቃይ በግራም ይለካል እንዴ? ሚዛኑ የእነሱ ከሆነ ማስረጃው የእኛ ይሁን! የወገቡን ሕመም፣ ማንገቻው የሰረጎደውን ትከሻ፣ ከጡት ሥር የሚወጣውን ሽፍታ፣ የሞከራችሁትንም ሕክምና ሐኪሙ በየቀጠሮው እንዲጽፈው አድርጉ።

«አንከፍልም» ቢሉስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፣ በአብዛኞቹ ኢንሹራንሶች ዘንድ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። እንደገና እምቢ ካሉና ክርክሩ «ሕክምናው ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም» ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ ጉዳዩን ከኩባንያው ውጪ ያለ ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ። እሱ «ይከፈል» ካለ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ አለቀ! እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ እንኳ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም።

አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ደጃዝማችነት አልጠየቅንም። ከደመወዛችን በየወሩ የሚቆረጥበትን ሕክምና ነው የጠየቅነው! እኛ ባፈርን ቁጥር ገንዘቡ እነሱ ኪስ ይቀራል። ስለዚህ እህቶቼ፣ ተናገሩ!