ለመኪናችን የመጀመሪያ መፍቻ ስንገዛ
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)

ክቡር ሰብሳቢ፤ የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፤

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጸሐፊ ነበርኩ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም መኪና ይዤ ብዙ ዘመን ስለ ቆየሁ፣ የጋራዥ ሰዎችንም ጠይቄ የተረዳሁትን፣ በተለይ አዲስ መኪና ለያዙት ልጆቻችን ይጠቅማል ብዬ ጽፌ መጥቻለሁ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። እንደሚታወቀው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። ስለዚህ በየደጃችን የቆሙት ቪትዝና ኮሮላ፣ ዲኤክስና ቮልስም ሳይቀሩ፣ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። የላላ የባትሪ ማሰሪያ ለማጥበቅ መካኒክ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለቀስተኛ አሳፍሮ መንገድ ላይ መቆም ነው፤ ቀብር እኮ ጎማ እስኪቀየር አይጠብቅም።

ታዲያ ምን እንግዛ? ገበያ ላይ ከ100 በላይ ዕቃ የታጨቀበት ሻንጣ ሲያዩት ያምራል። አትታለሉ! ብዙ ጊዜ ከፊሉ ለጃፓን መኪና የማይሆን የኢንች መፍቻ ነው። የግማሽ ኢንች መፍቻ 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ12 ቁጥር ብሎን ላይ ይንሸራተታል፤ ጠርዙንም ይበላዋል። ጠርዙ የተበላ ብሎን የ5 ደቂቃውን ሥራ የግማሽ ቀን ያደርገዋል። ስለሆነም ጥቂት ግን ደኅና ዕቃ ይሻላል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ መፍቻ። ለቶዮታ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ለጀማሪ ይበቃል። አንዱ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ቀለበት የሆነው ይመረጣል። የጠበቀውን በቀለበቱ ማላላት፣ ከላላ በኋላ በክፍቱ ቶሎ መፍታት ነው። ቡሶላ የሚገዛም ውስጡ 6 ማዕዘን የሆነውን ይውሰድ፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የዛገ ብሎን ቶሎ ይበላል።

2ኛ/ ካቻቢቴ፣ ጠፍጣፋና መስቀል፣ ትልቅና ትንሽ፤ ፒንሳም አንድ። ካቻቢቴ መሮ አይደለም፤ በመዶሻ አይመታ።

3ኛ/ የካንዴላ መፍቻ። የድሮዎቹ ካንዴላዎች 21፣ የአዳዲሶቹ ብዙዎቹ 16 ቁጥር ናቸው፤ ሳይለኩ መግዛት አይገባም።

4ኛ/ የጎማ መፍቻ፣ ለቶዮታ 21 ቁጥር። መስቀል ቅርጽ ያለው በሁለት እጅ ስለሚያዝ ጉልበት ይቆጥባል። ብሎኑን የምናላላው ጎማው መሬት ሳይለቅ ነው።

5ኛ/ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትርፍ ፊውዝና ጓንት። የነፋሱ ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል። ተቀያሪውንም ጎማ አብራችሁ ለኩ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ቢቻል አንድ ሁለት ብሎን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መፍቻው ላይ ክሮም ቫናዲየም የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ጽሑፉን ብቻ አትመኑ፤ ብሎኑ ላይ አግቡትና ሲወዛወዝ ከሆነ ተዉት።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ልምጣ። እርሱም ክሪክ ነው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጎማ ለመቀየር ይበቃል፤ ነገር ግን በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም። ብሎኬት ይፈረካከሳል፣ ድንጋይ ይንሸራተታል። ሥር የሚገባ ሰው ሁለት የብረት መደገፊያ እግር ይግዛ። በጎፋና በላፍቶ ዳገት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር፤ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ መሬት በቀሩት ጎማዎች ሥር ታኮ ማድረግ ነው። የእድር ሰዎች ነንና በግልጽ ልናገር፤ በዚህ ምክንያት ድንኳን እንዳንተክል ነው የምለፈልፈው።

የራዲያተር ክዳንም ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክዳኑ ሲከፈት ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ገንፍሎም ፊት ያቃጥላል። ቮልስ ያለው ከዚህ ነፃ ነው፤ የእርሱ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። የባትሪ ገመድ ስንፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፤ ስናስር እርሱ ይከተል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ብርቱካንማውን ወፍራም ሽቦ አትንኩ፤ ኃይሉ ይገድላል። ፍሬንና መሪም ለባለሙያ ይተው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ድንኳንና ድስት እያንዳንዳችን ብንገዛ ኖሮ ስንቶቻችን በቻልን? አብረን ስለ ገዛን ግን ሁላችንም አለን። መፍቻውን ሁሉም በየቤቱ ይያዝ። አንድ ደኅና ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያ እግርና አንድ ባትሪ ማስነሻ ገመድ ግን በእድሩ ዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ እንደ ድስቱ በመዝገብ ተጽፎ በፊርማ ቢወጣ፣ በፊርማ ቢመለስ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ኮሚቴው እንዲነጋገርበት እጠይቃለሁ፤ መዝገቡን የሚይዝ ከጠፋ እኔ አለሁ።