ጋዜጣ «እኛ» ሲል ማን ማለቱ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንድናገር ብዙ ሰዎች መክረውኝ ነበር። ሁለቱም መልካም አርእስት ናቸው፤ ነገር ግን ከእኔ በፊት የተነሡት ወንድሞቼና እኅቶቼ በሚገባ ስለ ተናገሩባቸው፥ እኔ የተባለውን ከመድገም ይልቅ ያጠፋሁትን ብናገር ይሻላል ብዬ ስለ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽና ስለ አድልዎ ለመናገር ወሰንሁ። ጥፋቴን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረኝ ላስረዳ።

ወደ አርብ ገበያ ጋዜጣ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፥ ከደብረ ታቦር በመኪና የመጣ እንግዳ አንብቦ ሲተወው ነው። ሁለተኛውና የሚበዛው ግን የቅመም መጠቅለያ ሆኖ ነው። እናቴ ዓርብ ከገበያ ስትመለስ የጥቁር አዝሙዱን ጥቅልል ፈትቼ፥ ወረቀቱን በእጄ አለስልሼ አነባለሁ። ስለዚህ የእኔ ጋዜጣ ዘወትር ግማሽ ነው፤ ቀኑም ያለፈ፥ ሽታውም የቅመም ነው። (በስልክ የሚነበበውን አላነሣም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።)

አንድ ዓርብ ታዲያ ዕድል ገጥሞኝ የሁለት የተለያዩ ጋዜጦችን ርእሰ አንቀጽ በአንድ ቀን አገኘሁ። ሁለቱም የአንድ ሳምንት ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ ኑሮ ውድነት ይናገሩ ነበር። አንደኛው ጥፋቱን ሁሉ በስግብግብ ነጋዴ ላይ ጣለ፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ በመንግሥት ላይ ጣለ። ነጋዴውን የወቀሰው ስለ መንግሥት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ መንግሥትን የወቀሰውም ስለ ነጋዴው እንዲሁ ዝም አለ። የሚገርመው ነገር ሁለቱም «እኛ» እያሉ መጻፋቸው ነው፤ ሁለቱም ሕዝቡን ወክለው እንደሚናገሩ ያስታውቁ ነበር። ለእናቴ ሁለቱንም አነበብሁላትና «እማዬ፥ የትኛው ነው እውነቱ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እንጃ ልጄ፤ ዘይቱ ግን ለሁለቱም አልረከሰላቸውም» አለችኝ።

ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። እዚያ የነበረው መምህራችን ሁለት እርሳስ ይሰጠንና ጋዜጣ እንድናሰምር ያዘን ነበር። ሊጣራ በሚችለው ነገር ሥር በቀይ፥ የጸሐፊው አስተያየት በሆነው ሥር በሰማያዊ እናሰምራለን። ከዚያም ቀዩ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ጋዜጣው ዋሽቷል፤ ሰማያዊው ካልጣመን ግን መብቱ ነው ይለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ስኮት የተባለው የማንቸስተር ጋርዲያን አዘጋጅ፥ ጋዜጣው መቶ ዓመት ሲሞላው አስተያየት ነጻ ቢሆንም እውነተኛው ነገር ግን የተቀደሰ ነው የሚል ሐሳብ እንደ ጻፈ የነገረን እርሱ ነው። ዘዴው ጥሩ ነበረ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ በእርሱ ተማምኜ ኖርሁ። (የሚሲዮኑን መጽሔት ግን አንድ ቀንም አላሰመርንም። ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።)

ርእሰ አንቀጽ ከሌላው ጽሑፍ የሚለይበት ምክንያት አለው። በሌላው ጽሑፍ ላይ የጸሐፊው ስም ይወጣል፤ ርእሰ አንቀጽ ግን የጋዜጣው የራሱ ድምፅ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፊርማ የለውም። ፊርማ የሌለው ቃል ደግሞ ከፍ ብሎ የተነገረ ይመስላል። ሰው አንብቦ «እገሌ እንዲህ አለ» አይልም፤ «ጋዜጣው አለ» ይላል እንጂ።

በአገራችን ይህን ነገር ለመመልከት ከአዲስ ዘመን የበለጠ ምሳሌ አላገኘሁም። ከእርሱ በፊት በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ነበረ፤ ያም ጋዜጣ ወደ አዲሱ ሥልጣኔ ያደላ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ አንባቢውም የማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። አዲስ ዘመን ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፥ ግንቦት 30 ቀን መታተም ጀመረ። ስሙም የጠላት ወረራ አልፎ የመጣውን ዘመን የሚያመለክት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ስሙ አልተለወጠም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅም አልተለወጠም። ይህ ስም እንዴት ያለ ዕድለኛ ስም ነው! የመጣ መንግሥት ሁሉ ዘመኔ አዲስ ነው ይላልና ለሁሉም ይስማማል። የተለወጠው «እኛ» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። በነሐሴ የሚያመሰግነው «እኛ» በመስከረም ያወግዛል፤ አንባቢው ግን ይቅርታ ወይም ማብራሪያ አይሰጠውም።

በዚያ ወንበር የተቀመጡትን ሰዎች ፈሪዎች ናቸው ብዬ ለመስደብ አልፈልግም። በዓሉ ግርማ በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት ሠርቷል፤ ኋላ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይ የተባለውን መጽሐፍ በስሙ ቢያሳትም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ፊርማ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያየ ሰው ፊርማ በሌለው ዓምድ ቢሸሸግ ሊፈረድበት አይገባም።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። አያቴ ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። «ማንበብ አስተማሩን፤ የሚነበበውን ግን እነሱ መረጡልን» ይላሉ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ፥ በጨጨሆ በኩል የሚመጡትን የተራቡ ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። ያን ጊዜ መንግሥት ረኃቡን ይደብቅ ነበር። ነገሩ በዓለም የተሰማው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከታየ በኋላ ነው። ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕዝብ የታየው መቼ ነው? ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ማታ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ። ፊልሙ ሲደበቅ አንዱን ወገን አገለገለ፤ ሲታይም ሌላውን ወገን አገለገለ። የሞቱት ሰዎች ግን በሁለቱም ጊዜ አልተጠየቁም። ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ምን እንደ ነበረ፥ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የጋይንት ሽማግሌዎች ከእኔ የበለጠ ስለምታውቁ አልነግራችሁም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ የመምህሬ ቀይ እርሳስ እንደማይበቃ ተረዳሁ። ያልተጻፈ ነገር አይሰመርበትም። አንድ ርእሰ አንቀጽ የሚጽፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፥ ዝም ባለው ነገር ብቻ ሊያዳላ ይችላል።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላ የግል ጋዜጦች በብዛት ታተሙ። እውነቱን ለመናገር እነርሱም አዳልተዋል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ የመንግሥቱ ጋዜጦች ለገዢው ፓርቲ፥ ከግሉም ብዙዎቹ ለተቃዋሚዎች እንደ ቆሙ፥ ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ይናገራል። ልዩነቱ ግን ከዚያ በኋላ መጣ፤ በ1998 ዓ.ም. በርካታ የግል ጋዜጣ አዘጋጆች ታሰሩ፤ የተፈቱትም አብዛኞቹ በ1999 ዓ.ም. ነው። ለአንዱ ማዳላት መተዳደሪያ፥ ለሌላው ማዳላት ወህኒ ከሆነ ክርክር የለም። ብዕርን በብዕር መመለስ ይቻል ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ርእሰ አንቀጽ የማያዳላ ከሆነ ጨው የሌለው ወጥ ነው» ይሉኛል። እስማማለሁ። ሠርቶ አደር የፓርቲ ጋዜጣ ነበር፤ የፓርቲ ጋዜጣ መሆኑንም አይደብቅም ነበር። የገዛው ሰው ምን እንደ ገዛ ያውቃል። በአሜሪካም ታላላቆቹ ጋዜጦች በምርጫ ጊዜ «እኛ የምንደግፈው እገሌን ነው» ብለው በግልጽ ይጽፉ ነበር፤ ዜና የሚጽፉትና አስተያየት የሚጽፉትም በተለያየ ክፍል ይሠራሉ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ፖስት ለፕሬዚዳንትነት ማንንም አልደግፍም ባለ ጊዜ፥ የጋዜጣው ባለቤት ባለጸጋው ጄፍ ቤዞስ ስለ ነበር አንባቢዎች በጣም ተጠራጠሩ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የሚሆኑት ደንበኝነታቸውን እንደ ሰረዙ ተዘግቧል። እነዚያ ሰዎች የተቈጡት ጋዜጣው አዳላ ብለው ሳይሆን ዝም አለ ብለው ነው። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የቀናሁት በአንድ ነገር ነው፤ መሰረዝ ይችላሉ።

አባቴ አይችልም። አባቴ ገበሬ ነው፤ በየዓመቱ የመሬት ግብር ይከፍላል፤ ደረሰኙንም በሣጥን ያስቀምጣል። የመንግሥት ጋዜጣ በመንግሥት የተቋቋመ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡም አንዱ አባቴ ነው፤ ማንበብ ባይችልም። ይህን ከራሴ አመንጭቼ የተናገርሁት አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 5፥ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቍጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኀን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ መመራት እንዳለበት ይደነግጋል። ያነበብኋቸው የመንግሥት ጋዜጣ ርእሰ አንቀጾች ብዙ አይደሉም፤ እንደ ነገርኋችሁ ከቅመም ጥቅልል የተረፉት ናቸው። ነገር ግን ከእነዚያ አንዱ እንኳ «በዚህ ጉዳይ መንግሥት ተሳስቷል» ሲል አላየሁም። የግል ጋዜጣ «እኛ» ሲል ባለቤቱንና አዘጋጆቹን ማለቱ ነው። የመንግሥት ጋዜጣ «እኛ» ሲል ግን አባቴም አለበት፤ ደጁን አንኳኩቶ «ምን ትላለህ?» ያለው ሰው ግን የለም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ጥፋቴን ልናገር።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጅ ሆኜ ተመርጬ ነበር። የተማሪዎች መሪ ምርጫ ሲቃረብ ርእሰ አንቀጽ ጻፍሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም። «እኛ እንደምናምነው» ብዬ ጀመርሁና፥ መሪ የሚሆን ተማሪ እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚናገር፥ ከመምህራን ጋር የሚግባባ፥ ከተማው ውስጥ የሚኖርና በማንኛውም ሰዓት የሚገኝ መሆን አለበት አልሁ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ተገቢ ይመስል ነበር፤ በቀይ እርሳስ የሚያዝ ውሸትም አልነበረበትም። ነገር ግን የጻፍሁት ሁሉ የአንድ ሰው መልክ ነበር፤ ያም ሰው የቅርብ ጓደኛዬ ነው። ስጽፍ አውቄ ነበርን? ግማሹን አውቄ ነበር ብል እውነት ይሆናል።

ጋዜጣው በተሰቀለ በማግስቱ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው አጠገብ ጠበቀችኝ። ከገጠር የመጣች ናት፤ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት በእግሯ ሄዳ እሑድ ማታ ትመለሳለች። «ይህን «እኛ» ስትጽፍ እኔን ጠይቀኸኛል?» አለችኝ። ርእሰ አንቀጽ እንዲህ ነው የሚጻፈው፥ ደንቡ ነው ብዬ መለስሁላት። «እንግዲያውስ ከተማ የሚኖር ተማሪ ይሻላል ያለው አዘጋጁ ነው ብለህ ጻፍ፤ እኛ ከገጠር የመጣነው ከአዳራሹ ግማሽ በላይ ነን» አለች። ተቈጥቼ ሄድሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የሁለቱን ጋዜጦች ርእሰ አንቀጽ ለእናቴ እያነበብሁ የሳቅሁት እኔው ነበርሁና።

በሚቀጥለው እትም ርእሰ አንቀጹን የጻፍሁት እኔ መሆኔን፥ ጓደኛዬም ከእጩዎቹ አንዱ መሆኑን በስሜ ፈርሜ ገለጽሁ። ከገጹም ግማሹን ለእርሷ መልስ ሰጠሁ። የእርሷን ለማንበብ የተሰበሰበው ተማሪ ከእኔው ይበዛ ነበር፤ ይህን ስል ትንሽ ቅናት እንዳለብኝ አልደብቅም። ጓደኛዬ በምርጫው ተሸነፈ፤ ለሁለት ሳምንትም አላነጋገረኝም።

እኔ በሰኔ እወጣለሁ። ለሚመጣው ዓመት የጋዜጣው አዘጋጅ እንድትሆን የተመረጠችው እርሷ ናት። የመጀመሪያ ርእሰ አንቀጿን ለዛሬው በዓል ጽፋ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩም ስሟ አለበት። ስለ እኔ ንግግርም አንድ ሁለት የምትቃወመው ነገር ስላላት፥ ወላጆቻችን ስትወጡ ቆም ብላችሁ ብታነቡት፥ ማንበብ ለማይችሉትም ልጆቻቸው ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል።